ዕጩውን ማን አጨው

አባባ ጥያቄውን የጠየቁኝ ቴሌቪዥን እያየን ነው። የካናዳ ጎረቤት አሜሪካ ፓርቲዎቹ ለፕሬዚዳንትነት የሚያቀርቡትን ሰው የሚለዩበት ሰሞን ነበር፤ ፊኛ ከጣሪያ ይወርዳል፣ ሙዚቃ ይደለቃል፣ ሰው እንባውን ይጠርጋል። አባባ እንግሊዝኛውን ባይሰሙም የሰው ፊት ያነባሉ። ‹‹ይሄ ሁሉ ደስታ፣ ሰውየው ተመረጠ ማለት ነው?›› አሉኝ። ‹‹ኧረ ገና ነው፤ አሁን ዕጩ ሆነ ነው የሚሉት›› አልኳቸው። ‹‹እሺ፣ ዕጩውን ማን አጨው?›› አሉ።

እኔ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። አገር ቤት ስንት ጊዜ ሽማግሌ ሆነው ልጅ ለማጨት የሰው ደጅ የቆሙ ሰው ናቸው፤ ማጨት በሳቸው ዘንድ የዋዛ ነገር አይደለም። ቤተሰብ ይጠየቃል፣ ዘር ይቆጠራል፣ ቀጠሮ ይሰጣል፣ እንቢ ማለትም አለ። ‹‹እናንተስ እዚህ አገር?›› አሉኝ። ‹‹ፓርላማ የሚገባውን ስትመርጡ አያለሁ። ሲታጭ ግን የት ነበራችሁ? የሚጠሯችሁ ለሰርጉ ብቻ ነው?››

 ቶሮንቶ ከገባሁ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል፤ ዜግነት ካገኘሁ ጀምሮ አንድም ምርጫ አላመለጠኝም። በረዶ ሲወርድም፣ እግሬ አብጦ ከሥራ ስመለስም ሄጄ መርጫለሁ። ወረቀቱ ላይ ያሉትን ስሞች እዚያ ያስቀመጣቸው ማን እንደሆነ ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም። የፓርቲው መሪ ጠቅላይ ሚኒስትር ይሆናል፤ እሱንም የሚመርጡት የፓርቲው ሰዎች ናቸው። እኛ የምንጠየቀው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ይሄ ነገር ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳይቆረቁረኝ መኖሩ አሁን ሳስበው ይገርመኛል።

አባባ የሥጋ ዘመዴ አይደሉም። ሴንት ጄምስ ታውን በሚባለው ሰፈራችን፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ፣ ከኔ በር ፊት ለፊት ያለው የልጃቸው ቤት ነው። ልጃቸው የሚሠራው ኢቶቢኮ፣ ኤርፖርት አካባቢ ስለሆነ ጎህ ሳይቀድ ይወጣል። ስፖንሰር አድርጎ ካመጣቸው ጀምሮ ቀኑን የሚያሳልፉት እኔ ዘንድ ነው፤ እኔ ሆስፒታል ወጥ ቤት የምገባው ወደ ማታ ስለሆነ ቀን ቀን ቤት ነኝ። ሰባዎቹን አጋምሰዋል። አንድ ግራጫ ሱፍ አላቸው፣ እሱን የሚለብሱት ለቤተ ክርስቲያንና ለሐኪም ቀጠሮ ነው። ሰው ሲገባ፣ ልጅም ቢሆን፣ ከመቀመጫቸው ይነሳሉ። ይተዉ አባባ ብል ብል እንቢ አሉኝ።

በሕይወታቸው መርጠው አያውቁም ብል ውሸት ነው። መርጠዋል። በደርግ ጊዜ ቀበሌ ተሰብስበው እጅ አውጥተዋል፤ ከዚያ በኋላም ወረቀት ሳጥን ውስጥ ከተዋል። ‹‹ግን ማን እንደሚያሸንፍ ሳላውቅ የመረጥኩበት ቀን የለም›› ይሉኛል። አንድ ቀን፣ አንዴ ብቻ፣ ውጤቱን ሳያውቁት መምረጥ ይፈልጋሉ። ይቺን ነገር እንደ ቀልድ ነው የሚያወሯት፤ እኔ ግን ቀልድ እንዳልሆነች ገብቶኛል። እዚህ ደግሞ ዜጋ አይደሉም። ያላቸው የቋሚ ነዋሪነት ካርድ፣ ፒአር የሚሉት ብቻ ነው፣ ለዜግነት የሚያስፈልገው ጊዜ ገና አልሞላላቸውም። ስለዚህ በዋናው ምርጫ መምረጥ አይችሉም።

ቢልዲንጋችን ስድስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ፊሊፒኖ ነርስ አለች። ሊፍቶቹ ሁሉ ተበላሽተው ሰው በደረጃ እያለከለከ በሚወጣበት ክረምት፣ በር በር እያንኳኳች ተከራዩን አሰባስባ፣ ፊርማ ለቅማ፣ ባለ ሕንፃዎቹን ፊት ለፊት ተጋፍጣ ያሠራች እሷ ናት። ያን ክረምት የአባባን የደም ግፊት መድኃኒት ከፋርማሲ እያመጣች አሥራ አራት ፎቅ በእግሯ ትወጣ ነበር። የአካባቢያችን የፓርላማ አባል ጡረታ እወጣለሁ ሲል እሷ እወዳደራለሁ አለች። የፓርቲውን ስም አልጠራም፤ ብጠራው የሌሎቹ አሠራር የተሻለ ሊመስል ነው። ብቻ በኛ ሰፈር ያ ፓርቲ ማንንም ቢያቆም ያልፋል። እንግዲህ አስቡት፤ በኛ ሰፈር ነገሩ የሚያልቀው ሲታጭ ነው፣ ምርጫው ሰርግ ብቻ ነው። አባባ ሳያውቁት ልክ ነበሩ።

ነርሷ ቤቴ መጥታ አሠራሩን ስታስረዳኝ አንድ ነገር ተናገረችና ጆሮዬ ቆመ። በፓርቲው ደንብ ዕጩ ለመምረጥ ሜምበር መሆን እንጂ ዜጋ መሆን የግድ አይደለም፤ ፒአር ይበቃል። አባባ መምረጥ ይችላሉ ማለት ነው። ስነግራቸው አላመኑኝም፣ ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። ‹‹ማን እንደሚያሸንፍ ይታወቃል?›› አሉ። ‹‹አይታወቅም›› አልኳቸው። ‹‹እርግጠኛ ነሽ?›› ‹‹እርግጠኛ ነኝ አባባ።›› ፎርሙን ሞላሁላቸው፣ በእጃቸው ፈረሙ። የመጣላቸውን የሜምበርነት ካርድ ከፒአር ካርዳቸው ጋር አንድ ፕላስቲክ ውስጥ አድርገው ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

እኔ ደግሞ ነገር ከያዝኩ አለቅም። ከኛ ቢልዲንግና ከአጠገባችን ካለው የኛን አገር ሰዎች እየዞርኩ አስመዘገብኩ፣ ከነአባባ አሥራ ሰባት ሆኑ። አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው። ‹‹ፖለቲካ ነው እንዴ? እኔን ከፖለቲካ አውጪኝ›› ያለችኝን ሴትዮ እንኳ፣ ‹‹በጉልበትሽ አሥራ አንድ ፎቅ ስትወጪ ፖለቲካ አልነበረም?›› ብያት ሳቀችና ፈረመች። ፎርሙ ላይ ፈርስት ኔም፣ ላስት ኔም ይላል፤ እሱን በአግባቡ ሞላሁ። እዚህ ላይ ስሕተት የለብኝም። ስሕተቴ በኋላ ነው የሚመጣው።

ከዚያ ቀኑ ተነገረን። መጀመሪያ የተባለው እዚሁ ሰፈራችን ትምህርት ቤት ጂም ውስጥ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ሳምንት ሲቀረው ኢሜይል መጣ፤ ቦታው ተቀይሯል፣ ኖርዝ ዮርክ ያለ የሰርግ አዳራሽ ሆኗል፣ ቀኑም እሁድ ጠዋት ነው። የኛ ሰፈር ዕጩ ከሰፈራችን ወጥቶ ኖርዝ ዮርክ የሚመረጥበትን ምክንያት የነገረኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም። እሁድ ጠዋት የኛ ሰው የት እንደሚሆን ደግሞ ለማንም አይጠፋም። ቅዳሴ አለብን ብዬ ቢሯቸው ኮል አደረግኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ በጣም ትሑት ነበረች፤ ምዝገባው ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ ሰባት ሰዓት ስለሆነ በቂ ጊዜ አላችሁ አለችኝ።

የነርሷ ተፎካካሪ ጠበቃ ነው፣ የፓርቲው መሪ የቅርብ ወዳጅ ነው ይባላል። ሰፈራችንን የሚያውቃት በመኪና ሲያልፍ ነው። ከሱ ጋር የሚሠራ አንድ የኛ ሰው ነበር፤ ቤት የሚያሻሽጥ፣ አርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ ጫማው ሁልጊዜ የሚያብረቀርቅ። የማውቀው ከቤተ ክርስቲያን ነው። ትልቅ ሰው ሲያይ ወገቡን ሰብሮ ነው ሰላም የሚለው፣ አንቱታውም ከአፉ አይጠፋም። አባባ ይወዱት ነበር። ‹‹በሰው አገር አድጎ እንዲህ ሥርዓት ያለው ልጅ አላየሁም›› ይሉኝ ነበር። በሌላ ወገን መሰለፉ እኔን አላስከፋኝም፤ ሰው የወደደውን ይደግፋል።

እሁድ ጠዋት በሬን ስከፍት አባባ ግራጫ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ከረባት አስረው ኮሪደሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ጢማቸውን ተላጭተዋል። አንዳንዶቻችን ቅዳሴውን አቋርጠን፣ አንዳንዶቻችን ጭራሽ ሳንሄድ ተሰባሰብንና በሰብዌ፣ ከዚያም በባስ ሄድን። አባባ መቀመጫ የለቀቀላቸውን ወጣት ሁሉ በአማርኛ ሲመርቁ ደረስን። ደረት ኪሳቸውን በየጊዜው በእጃቸው ይነኩ ነበር።

የአዳራሹ ሎቢ ውስጥ አምስት ጠረጴዛ ተደርድሯል። ከየጠረጴዛው በላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ ከኤ እስከ ዲ፣ ከኢ እስከ ጄ እያለ ይሄዳል። ሌላ ምንም አይልም፣ ፊደል ብቻ። ሰልፎቹ እስከ መኪና ማቆሚያው ወጥተዋል። ሰዎቼ ወደ ኔ ዞረው አዩኝ፤ ያመጣኋቸው እኔ ነኛ። እኔም እንደ ትልቅ ሰው እጄን አንስቼ ‹‹በየስማችሁ ፊደል ተሰለፉ›› አልኩ። ማንም እንዲያ በይ አላለኝም።

በየስማችን ተሰለፍን። በየስማችን።

ይሄን የሚያነብ ወጣት እዚህ ላይ ይስቅብኛል። ሠላሳ ዓመት እዚህ ኖራ ላስት ኔም የሚባል ነገር አታውቅም? አውቃለሁ እንጂ። ክሊኒክ የአባቴን ስም ሲጠሩ አቤት እላለሁ። የባንክ ደብዳቤ የሚመጣው በሱ ነው፣ ሥራ ቦታ ደረቴ ላይ የማንጠለጥለውም እሱን ነው። ለምጄዋለሁ። ግን አባቴ አባቴ ነው፣ ስሙም የሱ ነው። እኔ የራሴ ስም አለኝ፤ ሲያወጡልኝ እኔ እንድጠራበት ነው። ያን ቀን ባንክ አልሄድኩም፣ ክሊኒክ አልሄድኩም። እኔ ራሴን ሆኜ ነው የሄድኩት። ስምህ ማነው ሲባል የአባቱን የሚናገር የኛ ሰው የለም። አንድ ሰው ብቻ ወረቀቱ ላይ ላስት ኔም ብሎ ቢጽፍበት ኖሮ፣ እንደ ሌላው ቀን ሁላችንም አባቶቻችንን ሆነን እንሰለፍ ነበር።

አርባ ዓመት በትዳር የኖሩ ባልና ሚስት እንኳ ተለያይተው ሁለት ሰልፍ ላይ ቆሙ፣ ከሩቅ እየተያዩ ይሳሳቃሉ። የአባባ ስምና የኔ ስም በአንድ ፊደል ስለሚጀምር እኛ አንድ ላይ ነበርን። ሰዎቼ የቆሙባቸው ሰልፎች ሁሉ አይንቀሳቀሱም። ወንበር ላምጣልዎ ብላቸው እንቢ አሉ። ‹‹ሌላ ጊዜ ተቀምጬ ነው የዋልኩት፤ ዛሬ ልቁም›› አሉኝ።

ልጄ የምትሠራው እዚያው ኖርዝ ዮርክ ነው፣ መንገዱን ታውቀዋለች፣ ዘግይታ በመኪናዋ መጣች። እዚህ የተወለደች ናት፤ ከአሥራ ሰባቱ ውጭ እሷም ሜምበር ናት። የአባቷ ስም ለሷ ላስት ኔሟ ነው፤ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በሱ ተጠርታለች፣ የሌላ ሰው ስም መሆኑ ትዝ አይላትም። እኛን እንኳ ሳታየን ከኛ ሰዎች አንድም ወዳልነበረበት፣ ወደ ትክክለኛው ሰልፍ ሄዳ ሃያ ደቂቃ ውስጥ ገባች። ከዚያ ከውስጥ ሆና ቴክስት አደረገችልኝ። ወንበር ይዤላችኋለሁ ይላል።

ስድስት ሰዓት ላይ ይመስለኛል ያ የኛ ሰው በአጠገባችን ያለፈው። አንገቱ ላይ ባጅ አንጠልጥሏል፣ ስልኩን በእጁ ይዟል። አይቶን መጣ። ሁላችንንም ያውቀናል፣ ስማችንን ከነአባታችን ያውቀዋል። ቀና ብሎ ከጠረጴዛው በላይ ያለውን ፊደል አየ። ከዚያ አባባን አየ። ይሄን በዓይኔ ነው ያየሁት። ከዚያ ወገቡን ሰብሮ በሁለት እጁ ጨበጣቸው።

‹‹ደህና ነዎት አባባ? ጤናዎ እንዴት ነው? ሰልፉ ረዘመ አይደል፣ እንዳይደክምዎት›› አላቸው።

‹‹ደህና ነኝ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ተባረክ›› አሉት።

ሄዶ ውሃ አመጣላቸው። የታሸገ ውሃ፣ ክዳኑን ራሱ ከፍቶ ሰጣቸው። አባባ ጠጥተው መረቁት። ከዚያ ሄደ።

ጠረጴዛው ጋ ስንደርስ ሰባት ሰዓት ካለፈ አሥር ደቂቃ ሆኖታል። አባባ ስማቸውን ተናግረው ካርዶቻቸውን ከፕላስቲኩ አውጥተው አስቀመጡ። የተቀመጠው ወጣት ዝርዝሩን ወደ ላይ ወደ ታች አየ፣ እንደገና ካርዱን አየ። ‹‹ላስት ኔማቸው በሌላ ፊደል ነው የሚጀምረው፤ የሳቸው ሰልፍ የመጨረሻው ጠረጴዛ ነው›› አለኝ። የኔም ሌላ ነው አለ። ወደ መጨረሻው ጠረጴዛ ዞርን። እዚያ ማንም የለም። አንዲት ልጅ ወረቀቱን ከግድግዳው እየላጠች ነው።

ያኔ ነው እኔ መጮህ የጀመርኩት። አንዲት ኃላፊ ተጠርታ መጣች፣ ደንቡን በእጇ ይዛለች። ደንቡ ምን ይላል መሰላችሁ፤ ሰባት ሰዓት ሲሞላ ሰልፍ ላይ የነበረ ሁሉ ይመዘገባል ይላል። ‹‹እኛ ሰልፍ ላይ ነበርን›› አልኳት። ‹‹ገብቶኛል፣ ግን በራሳችሁ ሰልፍ ላይ አልነበራችሁም›› አለችኝ። ‹‹ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆመን አይታችሁናል›› አልኳት። ‹‹በጣም አዝናለሁ። የቆማችሁት ግን የሌላ ሰው ሰልፍ ላይ ነው›› አለች። በገዛ ስሜ ቆሜ የሌላ ሰው ሰልፍ ላይ ነበርሽ ተባልኩ።  የተናገርኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም።

ከአሥራ ሰባቱ የገቡት ሦስት ብቻ ናቸው፤ እነሱም የራሳቸውና የአባታቸው ስም በአጋጣሚ አንድ ጠረጴዛ ላይ የወደቀላቸው። ባልየው ገብቶ ሚስትየዋ ቀረች። የቀረነው ሎቢ ውስጥ እንደ ተቀጣ ተማሪ ቆምን። ብዙዎቹ እኔን ያዩኛል እንጂ ምንም አላሉኝም፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አባባ ካርዶቻቸውን ፕላስቲኩ ውስጥ መልሰው ደረት ኪሳቸው ከተቱ። ‹‹ተይ ልጄ፣ ሰው ያየናል›› አሉኝ። ከዚያ ቀስ ብለው ‹‹ስሜ የለም ማለት ነው?›› ብለው ጠየቁኝ። ‹‹አለ አባባ፣ አለ። ሰልፉን ነው የተሳሳትነው። እኔ ነኝ ያሳሳትኩዎት›› አልኳቸው። ‹‹ካለ ጥሩ ነው›› አሉ።

ደጅ ሆነን ጠበቅን። በመስታወቱ በኩል ልጄ ትታየኛለች፤ በያዘችልን ባዶ ወንበሮች መሃል ብቻዋን ተቀምጣለች። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ጭብጨባ ተሰማ። ያሸነፈው የመሪው ወዳጅ ነው። ‹‹ስንት ለስንት?›› ብዬ ጠየቅኩ። ቁጥር አይነገርም፣ የፓርቲው አሠራር ነው አሉኝ። ነርሷ በአንድ ድምፅ ትሸነፍ በሁለት መቶ ትሸነፍ እስከ ዛሬ አላውቅም። እሷም አታውቅም። እኛ ብንገባ ለውጥ ይኖረው ነበር ወይ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው መልስ የለኝም። አባባ ማን እንደሚያሸንፍ ሳላውቅ ልምረጥ ሲሉ የፈለጉት እንዲህ ያለውን አለማወቅ አልነበረም።

መኪና ውስጥ ልጄ ‹‹ማሚ፣ ኦብቪየስሊ ላስት ኔም ነው እኮ›› አለችኝ። ‹‹ለማን ነው ኦብቪየስ?›› አልኳት። ‹‹ለኤቭሪባዲ›› አለች። ‹‹ታዲያ እኛ ማን ነን?›› ስላት መኪናውን አስነሳች። አዝናለች፤ አውቃለሁ፣ ግን የዚያን ቀን ለማንም የሚተርፍ ርኅራኄ አልነበረኝም። አባባ ከኋላ ተቀምጠው በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ያያሉ።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ከአንዲት ሴት ጋር ስናወራ ነገሩ ተነሳ። እሷ የዚያኛው ወገን ነበረች፤ ያ የኛ ሰው ነው ያስመዘገባት። ‹‹እናንተን ማንም አልነገራችሁም?›› አለችኝ ተገርማ። ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። ከሰውየው የተላከ መልእክት ነው፣ በጥሩ አማርኛ የተጻፈ፣ የተላከውም በዋዜማው ነው። ‹‹በራሳችሁ ስም እንዳትሰለፉ፤ የምትሰለፉት በአባት ስም ፊደል ነው›› ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሰውየው ቀና ብሎ ፊደሉን ያየው፣ አባባን ያየው፣ ከዚያ ስለ ጤናቸው የጠየቃቸው ይሄን አውቆ ነው።

ለአባባ ነገርኳቸው። አልነግርም ብዬ ነበር፣ አልቻልኩም። ‹‹ፊደሉን አይቶ ነበር?›› አሉኝ። ‹‹አይቶ ነበር›› አልኳቸው። ‹‹ውሃውንም ጠጣሁለት›› አሉ። ከዚያ ወዲያ ስለ ሰውየው አንድ ቃል አልተናገሩም።

እኔ ግን አቤቱታ ጻፍኩ። ልጄ ሁለት ምሽት ቁጭ ብላ እንግሊዝኛውን አስተካከለችልኝ፤ ይሄን አልክድባትም። ወር አልፎት መልስ መጣ። ‹‹ውድ አቶ›› ብሎ ይጀምራል፣ ከዚያ የአባቴ ስም ይከተላል። ሂደቱ ፍትሐዊ ነበር፣ ደንቡ በሁሉም ላይ እኩል ተፈጽሟል፣ ስለ ተሳትፎዎ እናመሰግናለን ይላል። አባቴ ከሞተ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ካናዳን በካርታ እንኳ አይቷት እንደሆነ እጠራጠራለሁ። እሱ ተሳትፏል ተብሎ ተመሰገነ። ሦስት ሰዓት የቆምኩት እኔ ደብዳቤው ውስጥ የለሁም።

እኩል የምትለዋ ቃል ናት ያበገነችኝ። ልክ ናቸው፣ እኩል ነበር። ሁሉም በላስት ኔሙ ተመዘገበ። ላስት ኔም በማያውቅ ሕዝብ ላይ ያ እኩልነት ምን እንደሚያደርግ የጠየቀ ግን አልነበረም። ፊደሉን የለጠፈችው ልጅ በተንኮል አልለጠፈችም። ያቺ ኃላፊም ደንቧን ነው ያነበበችው። ተንኮሉን የሠራው የኛው ሰው ነው፣ እሱም ቢሆን አንድም ደንብ አልጣሰም፤ ሰላም ብሎ ውሃ ሰጥቶ ነው ያለፈው። ማንም ምንም ሳይጥስ ይሄ ሁሉ ሰው ደጅ ቀረ። ሌባ ቢሰርቀኝ ፖሊስ እጠራ ነበር። ለዚህ ማን ይጠራል?

ከዚያ ሰርጉ ደረሰ፣ ዋናው ምርጫ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ዕጩው ራሱ ነው፣ ያ ጠበቃ፣ ስልኩን እያየ። ከጎኑ የኛ ሰው ቆሟል፣ በኛ ፎቅ ላይ ላለነው አስተርጓሚ እንዲሆነው ይዞት መጥቶ ነው። ዕጩው ከስልኩ ላይ የአባቴን ስም አነበበና ‹‹እሳቸው አሉ?›› አለኝ።

‹‹ሞቷል›› አልኩት።

‹‹ኦ፣ በጣም አዝናለሁ›› አለ፤ ፊቱም እውነት ያዘነ ይመስል ነበር።

‹‹ቆይቷል። ደብዳቤያችሁ ግን ደርሶታል›› አልኩት። አልገባውም። የኛ ሰው ገብቶታል መሰለኝ ዓይኑን ከኔ ላይ አነሳ። በሩን ልዘጋባቸው ነበር፤ ዞር ስል አባባ ከሶፋው ተነስተው ቆመዋል። ሰው ሲመጣ እንደሚያደርጉት።

የኛ ሰው በኔ ትከሻ አሻግሮ አያቸውና ወገቡን ሰበረ። ‹‹ደህና ነዎት አባባ? ጤናዎ እንዴት ነው?›› አላቸው።

አባባ ቀስ ብለው ወደ በሩ መጡ። እጃቸውን አልዘረጉም። ‹‹እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኔ ደህና ነኝ›› አሉት። ‹‹እርስዎ እንዴት ነዎት? ቤተሰብዎስ ደህና ናቸው?››

እርስዎ አሉት። ይሄን ሰው ካወቁት ጀምሮ ልጄ ብለው ነው የሚጠሩት፣ የዚያን እሁድም ልጄ ተባረክ ነው ያሉት። ሰባ አምስት ዓመት የሆናቸው ሰው፣ ልጄ ሲሉት የኖሩትን አንድ ቀን ተነስተው አንቱ ካሉት፣ ከልጅነት አውጥተውታል። ቢሰድቡት ይቅርታ መጠየቅ ይችል ነበር። አንቱ ሲሉት ግን የሚይዘው ነገር አጣ። 

‹‹ምን አሉ?›› ብሎ ዕጩው በእንግሊዝኛ ጠየቀው።

‹‹እኔ ደህና ነኝ፣ እርስዎ እንዴት ነዎት፣ ቤተሰብዎስ ነው ያሉት›› ብሎ ተረጎመለት። ትርጉሙ ትክክል ነበር፣ አንድ ቃል አልጎደለውም።

‹‹ደስ የሚሉ ሰው ናቸው›› አለ ዕጩው። ካርዱን ሰጥቶኝ ሊፍቱን ሊጠራ ሄደ። የኛ ሰው አልጠበቀውም፤ የደረጃውን በር ከፍቶ በእግሩ ወረደ። ያለነው አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው።